ማኅፀኗ ተከፈተ አሉ

ባለፈው ዓመት አንድ ክርስትና ተጠርቼ ነበር። ሰማንያ ቀን የሞላት ሴት ልጅ፣ ለእናትና አባቷ የመጀመሪያ፣ ያውም ከአሥራ አንድ ዓመት ትዳር በኋላ የተገኘች። እንዲህ ያለ ክርስትና ከሠርግ ይበልጣል። ድንኳኑ ግቢውን ሞልቶ መንገዱን ዘግቷል። ዘመድ ከጎጃም ድረስ ተጠራርቶ መጥቷል። ዶሮው፣ ቁርጡ፣ ጠጁ … ምን የቀረ አለ? የሕፃኗ አያት፣ የአባትየውን እናት ማለቴ ነው፣ ነጭ በነጭ ለብሰው ከእንግዳ እንግዳ እየዞሩ፣ “እልል በሉ እንጂ! ይኸው የልጄ ሚስት ማኅፀኗ ተከፈተ!” ይላሉ። እንግዳው እልል ይላል። ምራቲቱ አንገቷን ሰበር አድርጋ ፈገግ ትላለች። ልጃቸው፣ የኔ ወዳጅ፣ ቀና ብሎ አየኝና ወዲያው ዓይኑን ወደ ብርሌው መለሰ።

ለምን እንዳየኝ አውቃለሁ። ከባልና ሚስቱ ሌላ ምስጢሩን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። የሴትየዋ ማኅፀን ተዘግቶ አያውቅም።

ነገሩን ከሥሩ ላውራው። (እንዳይታወቁ አንዳንድ ነገር ለውጫለሁ፤ ሁለቱም ሳይታተም አንብበውታል።) ሲጋቡ “ዓመት ሳይሞላ” ተብለው ተመርቀው ነበር። ዓመቱ ሞላ። ሁለትም ሆነ። በእኛ አገር ሁለት ዓመት ሳትወልድ የቆየች ሚስት ሆዷ የሕዝብ ንብረት ነው። የዕድር ሰው ያየዋል፣ ጎረቤት ያየዋል፣ ቡና የጠጣ ሁሉ ያየዋል። “ምነው፣ ዝም አላችሁ?” ይባላል። “ሥራው ይበልጣል እንዴ?” ይባላል። በሦስተኛው ዓመት ጠበል ገባች። በአራተኛው ሐኪም ዘንድ ሄደች። በማኅፀን ቀለም አስገብተው ራጅ የሚያነሡትን ምርመራ ሁለት ጊዜ አደረገች፤ ሕመሙ እስካሁን ትዝ ይላታል። የማኅፀን ቱቦዎቿ ክፍት ናቸው። እንቁላሏ በየወሩ በጊዜው ይወጣል። ሆርሞኗ ደህና ነው። ሐኪሙ “ባለቤትሽን ይዘሽ ነይ” አላት። ባለቤቷ “እኔ ደግሞ ምን ሆንኩና?” አለ። ከዚያ ምን ተደረገ? ሌላ ሐኪም ተፈለገ።

በዚህ መሀል አማት አንድ ቀን በንዴት “በቅሎ” ብለው ተሳደቡ። የአባትየው ወገን የሆነ አንድ አዛውንት ደግሞ ወዳጄን ጥግ ይዘው “ከውጪ ሞክር እንጂ ልጄ፣ ቤት ያለ ልጅ ምን ቤት ነው?” አሉት። አልሞከረም፤ ሚስቱን ይወዳታል። ቢሞክር ኖሮ ግን ምን ያገኝ እንደነበር አሁን ሳስበው ያስቀኛል።

እኔስ? እኔም ያው ነኝ። ዲግሪ አለኝ፣ ጋዜጣ ላይ እጽፋለሁ፣ ስለ ሴቶች መብት ተናግሬ ተጨብጭቦልኛል። ወዳጄን ግን በስምንት ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ “ሚስትህን ውጭ አገር አሳክማት” ብዬ እንደመከርኩት አልቆጥረውም። “አንተስ ተመርምረሃል?” ያልኩት አንድም ቀን የለም። ነገሩ ጭራሽ ሐሳቤ ውስጥ አልመጣም። እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ቋንቋችን ውስጥ “መካን” ስንል ወዲያው የምናየው ቀሚስ ነው። መጽሐፉን ብትገልጡም ሣራ፣ ርብቃ፣ ራሔል፣ ሐና፣ ኤልሳቤጥ … መካን የተባሉት ሁሉ ሴቶች ናቸው። አንዱም ባል አልተመረመረም። ለነገሩ ያኔ መመርመሪያ አልነበረም። አሁን አለ።

በስምንተኛው ዓመት ሚስትየው ልብሷን ሸክፋ በር ላይ አስቀመጠችና “ወይ ትመረመራለህ፣ ወይ እሄዳለሁ” አለችው። ሄደ። የወንድ ምርመራ ማለት አንዲት ትንሽ ኩባያ ናት። መርፌ የለው፣ ራጅ የለው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ በአንድ ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ውስጥ 16 ሚሊዮን የዘር ፍሬ የታችኛው መለኪያ ነው። የወዳጄ መቶ ሺህ እንኳን አልሞላም። ከነዚያም አብዛኞቹ አይንቀሳቀሱም።

ይኼ ብርቅ ነገር አይደለም። ያው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 እንዳስታወቀው ከስድስት አዋቂ ሰዎች አንዱ በሕይወት ዘመኑ መካንነት ይገጥመዋል። ልጅ ካጡ ባልና ሚስቶች ግማሽ ገደማ በሚሆኑት ደግሞ የወንዱ ችግር፣ ብቻውንም ሆነ ከሴቷ ችግር ጋር ተዳምሮ፣ አለበት። ግማሽ! ጠበል ቦታም፣ ሐኪም ቤትም፣ ባለ መድኃኒት ዘንድም ወረፋ ይዘው የምናያቸው ግን ሴቶች ናቸው።

ቀጥሎ የመጣው አይቪኤፍ የሚሉት ሕክምና ነው። ምን እንደሆነ በወጉ ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው ልጁ ብልቃጥ ውስጥ የሚያድግ ይመስለዋል። አያድግም። ሴቲቱ ከአሥር እስከ አሥራ አራት ቀን ያህል በየቀኑ የሆርሞን መርፌ ትወጋለች። ተፈጥሮ በወር አንድ እንቁላል ስታበስል መርፌው ብዙዎቹን አንድ ላይ ያበስላቸዋል። ሲደርሱ ሐኪሙ በአልትራሳውንድ እያየ በቀጭን መርፌ ይለቅማቸዋል። ከዚያ ላቦራቶሪ ውስጥ፣ ጠፍጣፋ የሳህን ዓይነት ዕቃ ላይ፣ ከባልየው ዘር ጋር ይገናኛሉ። ዘሩ እንደ ወዳጄ ያነሰ እንደሆነ ደግሞ ባለሙያው በማይክሮስኮፕ እያየ አንዷን ይመርጥና ከፀጉር በቀጠነች የመስታወት መርፌ እንቁላሉ ውስጥ ያስገባታል። አንዷን ብቻ። ብራስልስ ያሉ ሐኪሞች ይህን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1992 ይፋ እስኪያደርጉት ድረስ እንደሱ ያለ ሰው በራሱ ዘር አባት የመሆን ተስፋው የመነመነ ነበር። የተገኘው ሽል ከሦስት እስከ አምስት ቀን ቆይቶ ማኅፀን ውስጥ ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ ያለው ዘጠኝ ወር የማንኛዋም እናት ዘጠኝ ወር ነው፤ ማቅለሽለሹም፣ ምጡም።

ልብ በሉ፤ ችግሩ የባል ሆኖ መርፌው የሚስት ነው። እዚህ ላይ ሐኪሞቹን አልወቅስም፣ ተፈጥሮ እንዲህ አድርጋዋለች። ግን ቢያንስ ይህንን ማወቅ አለብን።

ደግሞም ሁልጊዜ አይሳካም። እንግሊዝ አገር የ2022 መረጃ እንደሚያሳየው፣ በራሳቸው እንቁላል ከሚታከሙ ከ35 ዓመት በታች ሴቶች ማኅፀን ከገቡት ሽሎች ለልጅ የሚበቃው ከሦስት አንዱ ገደማ ነው። ሴቲቱ 43 እና 44 ዓመት ላይ ስትደርስ ከሃያ አንዱ ገደማ ይሆናል። እንግዲህ በሁለተኛው ዓመት መመርመርና በስምንተኛው ዓመት መመርመር ያላቸውን ልዩነት አስቡት። ወዳጄ “እኔ ምን ሆንኩና?” ሲል ያቃጠለው የራሱን ዕድሜ አልነበረም።

አዲስ አበባ ውስጥ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ የመካንነት ሕክምና ማዕከል የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። የመንግሥት ነው፣ ቅርብ ነው። እነሱ ግን ሕንድ ሄዱ። ለምን? እዚህ ወረፋ ላይ የአክስት ልጅ ቢያጋጥማቸውስ! ወዳጄ ቪትዝ መኪናውን ሸጠ፣ ዕቁቡን አስቀድሞ ወሰደ፣ የጎደለውን ከኔ ተበደረ፤ ምስጢሩን ያወቅሁትም በዚሁ ምክንያት ነው። ለዘመድ “ዱባይ ለንግድ” ተባለ። ሲመለሱ ለእናት፣ ለእኅት፣ ለጎረቤት ያመጡት የዱባይ ስጦታ የተገዛው መርካቶ ነው። የመጀመሪያው ዙር ከሸፈ። ሚስትየው አልጋ ላይ ሆና ስታለቅስ አማት መጥተው “የዱባይ ሙቀት ነው ያመማት” አሉና አጥሚት አፈሉላት። በሁለተኛው ዙር ልጅቷ መጣች።

ሌላው ዓለም በዚህ ሕክምና ላይ የተከራከረው በሌላ ጥያቄ ነው። የመጀመሪያዋ ልጅ ሉዊዝ ብራውን እ.ኤ.አ. ሐምሌ 25 ቀን 1978 እንግሊዝ አገር ኦልድሃም ከተማ ስትወለድ፣ “ሰው በእግዚአብሔር ሥራ ገባ” ያለ ብዙ ነበር። የእናቷ የማኅፀን ቱቦዎች ተዘግተው ዘጠኝ ዓመት ልጅ አጥታ የቆየች ሴት ናት። ሕክምናውን የሠሩት ሮበርት ኤድዋርድስ፣ ፓትሪክ ስቴፕቶና ጂን ፐርዲ ናቸው። ኤድዋርድስ የኖቤል ሽልማት ያገኙት እ.ኤ.አ. በ2010 ነው፤ ያኔ ሁለቱ የሥራ ባልደረቦቻቸው በሕይወት አልነበሩም። ከወር በኋላ የሮም ጳጳስ ሆነው የተመረጡት ካርዲናል አልቢኖ ሉቺያኒ በጊዜው ወላጆቿን ለመኮነን ፈቃደኛ አልነበሩም፤ ለሕፃኗም መልካም ተመኙላት። ቤተ ክርስቲያናቸው ግን እ.ኤ.አ. በ1987 ባወጣችው ሰነድ ዘዴውን አልተቀበለችውም፤ ጽንስ ከባልና ሚስት ግንኙነት መነጠል የለበትም ነው የምትለው። የግብፁ አል አዝሃር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1980 የራሳቸው የባልና የሚስት ዘርና እንቁላል እስከሆነ ድረስ ይቻላል፣ ሦስተኛ ሰው ግን አይግባበት ብሏል። እንዲህ ያሉ ልጆች ራሳቸው መካን ይሆናሉ ብለው የሚሰጉም ነበሩ። የሉዊዝ ታናሽ እኅት፣ እሷም በዚሁ ሕክምና የተገኘችው፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ያለ ምንም ሕክምና ወለደችና ይኼኛው ሥጋት አበቃ። ዛሬ በዚህ መንገድ የተወለዱት ከ12 ሚሊዮን በላይ እንደሆኑ ይገመታል።

ከክርክሮቹ ሁሉ እኔን የሚያስጨንቀኝ አንድ ነው፤ የተረፉት ሽሎች ነገር። ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ተቀምጠው ይቆያሉ። ምንድን ናቸው? ልጆች ናቸው? ዕቃ ናቸው? እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1996 በሕግ የተወሰነላቸው ጊዜ ያለፈባቸው 3,300 ያህል ሽሎች እንዲወገዱ ተደርጓል። የአሜሪካዋ የአላባማ ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደግሞ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 እንደ ልጅ ይቆጠራሉ ብሎ ፈረደና የግዛቷ ክሊኒኮች ሥራ አቋረጡ፤ በመጋቢት ሌላ ሕግ ወጥቶ ነው የተመለሱት። የወዳጄም ሁለት ሽሎች ሕንድ ቀርተዋል። ሚስቱ ስለነሱ ስታወራ “ሁለቱ” ነው የምትላቸው። ከዚህ በላይ አትናገርም።

እኛ ዘንድ ግን ጥያቄው እዚያ ድረስ መች ደረሰና? የኛ ጥያቄ ድንኳኑ ውስጥ ነው ያለው። ይናገር ወይስ አይናገር?

መጀመሪያ የዝምታን ጠበቃ ልሁን። ልጅ እንዴት እንደተፀነሰ የባልና ሚስት ጉዳይ ነው። እናንተ ስትወለዱ አባታችሁ ድንኳን መሀል ቆሞ ዝርዝሩን አስረድቷል? አላስረዳም። ታዲያ እነዚህ ሰዎች ሐኪም ቤት ስለሄዱ ብቻ ለምን መግለጫ ይሰጣሉ? ጥሩ ክርክር ነው። ለብዙ ጊዜ እኔም በዚሁ ነበር የማምነው።

ያሳመነኝ ክርክር የፈረሰው ክርስትናው ላይ ነው። ለካ ወዳጄ የተወው ቦታ ባዶ አልነበረም። እሱ ዝም ባለበት እናቱ እየተናገሩበት ነው። “ማኅፀኗ ተከፈተ” ማለት ተዘግቶ ነበር ማለት ነው። የተዘጋችው እሷ ናት ማለት ነው። የሰው ገመና መሸፈን ጨዋነት ነው፣ የራስንም መሸፈን መብት ነው። የራስን ገመና በሚስት ነጠላ መሸፈን ግን ሌላ ነገር ነው፤ ነጠላው ሲገፈፍ የምትበርደው እሷ ናት። ስምንት ዓመት አላወቀም ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። ግን ላለማወቅ ስንት ደክሟል! የሐኪም ለውጡ፣ ቁጣው፣ “ሥራ በዛብኝ” ማለቱ … አንዳንድ አለማወቅ ጉልበት የፈሰሰበት ሥራ ነው።

ሌላም ነገር አየሁ። ድንኳኑ ውስጥ ተጋብታ አራት ዓመት የሆናት የወዳጄ የአጎት ልጅ ነበረች። ልጅ የላትም። የሕፃኗ አያት እጇን ይዘው፣ ምራታቸው የተጠመቀችበትን ቦታ፣ በየትኛው መኪና እንደሚሄዱ፣ ስንት ቀን እንደሚቆዩ ይነግሯታል። ልጅቷ ስልኳን አውጥታ ትጽፋለች። ባሏ ከጎኗ ቁርጥ ይበላል። ጠበሉን ለመንቀፍ አይደለም፤ እነሱም ሄደዋል፣ የሄዱትም ከልባቸው ነው፣ ጸሎታቸው አልተሰማም የምል ድፍረትም የለኝም። ግን እዚያች ስልክ ላይ የተጻፈው ግማሽ ታሪክ ነው። ልጅቷ ያንን ግማሽ ይዛ ሌላ አራት ዓመት ትሄዳለች። ሌላውን ግማሽ የሚያውቀው ሰው ሦስት ሜትር ርቀት ላይ ተቀምጦ ጠጅ ይጠጣል። ሁለተኛው ደግሞ ከአጠገቡ ተቀምጧል። እኔ ነኝ።

በሳምንቱ ተገናኘንና “ለእናትህ ንገራቸው” አልኩት።

“እናቴን በቁሟ ግደላት ነው የምትለኝ?”

“ሚስትህን በቁሟ ‘በቅሎ’ ሲሏትስ?”

ዝም አለ። ቆይቶ “የምፈራው ለራሴ መስሎሃል?” አለኝ። “ለልጅቷ ነው። ‘የፋብሪካ ልጅ’ ይሏታል፤ ‘የእውነት የሱ ትሆን?’ ይላሉ። አንተ ብትሆን ትናገር ነበር?”

ቶሎ አልመለስኩለትም። እውነቱን ለመናገር አሁንም አልመለስኩለትም። የሉዊዝ ብራውን ወላጆች ትምህርት ቤት ከመግባቷ በፊት፣ በአራት ዓመቷ ገደማ፣ ስትወለድ የተቀረፀውን ፊልም አሳይተው ነግረዋታል፤ ሌላ ልጅ ቀድሞ እንዳይነግራት። ይህንን አነሣሁለት። “እነሱ ፈረንጆች ናቸው” አለኝና ሒሳብ ከፈለ። ይቺ መልስ ስንት ክርክር እንደዘጋችልን!

ይልቅ ያላሰብኩት ከሚስቱ ነው የመጣው። ደወለችልኝ።

“ወንድሜ፣ ለኔ ብለህ እንደሆነ ተው” አለችኝ። “እንዲናገርልኝ የፈለግሁት ያኔ ነው። ያኔ አንድ ቃል ቢናገርልኝ ዕድሜ ልኬን አመሰግነው ነበር። አሁን ልጄን ይዣለሁ። አሁን ቢናገር ምን ይሆናል? እኔን ትተው እሱን ይይዙታል። እሱን ሲይዙት ደግሞ አብሬው የምኖረው እኔ ነኝ።”

ምን ይባላል? ዕዳው የሷ ነው፤ ባለ ዕዳዋ ማርኩ ካለች እኔ ማን ነኝ? የማይታወቅ ነገር ብቻ ቀርቷል፤ ማረች ወይስ ደከማት?

ደግሞ ነገሩ በዚህ የሚቆም አልሆነም። የሕፃኗ አያት በፋሲካው “እንግዲህ በሩ ተከፍቷል፤ በዓመቱ ወንድ!” ብለው መርቀዋል። የተከፈተ በር መልሶ ዝም ሲል የሚጠየቀው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ባልና ሚስቱ ለ“ሁለቱ” ሊመለሱ እያሰቡ ነው። ገንዘብ ካገኙ፣ ሰበብም ካገኙ። ዱባይ ስንት ጊዜ ይኬዳል?

ባለፈው ወር ወዳጄ ቢሮዬ መጣ። ያቺን የአጎቱን ልጅ ባል ለብቻው ቡና ጋብዞት እንደነበር ነገረኝ።

“ምን አልከው?”

“‘ሚስትህን ከማመላለስህ በፊት አንተ ተመርመር’ አልኩት።”

“እሱስ?”

“‘እኔ ደግሞ ምን ሆንኩና?’ አለኝ። ከዚያ ትንሽ አሰበና ‘አንተ ግን ይኼን እንዴት አወቅህ?’ ብሎ ጠየቀኝ።”

ምን ብሎ እንደመለሰለት አልነገረኝም። የተበደረኝን የመጀመሪያ ክፍያ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ ልጅቷ ጥርስ ማብቀል መጀመሯን እያወራልኝ ወጣ።